የአቶ ኤርሳዶ ድምፅና ሦስቱ ማይክሮፎኖች

አቶ ኤርሳዶ ሰሚት ሲደርሱ «ወራጅ አለ» አሉ፤ ረዳቱ አልሰማም። ደገሙት፤ አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው እንኳ ዞር አላለም። ሠፈራቸው በመስኮት አልፋቸው ስትሄድ፣ ከኋላ ወንበር አንዲት ወጣት ጮኻ ታክሲውን አስቆመችላቸውና አብራቸው ወረደች። የሟቹ ወዳጃቸው የአቶ አስፋው ልጅ ዲና ነበረች። ኮምፒውተር ተምራ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሰውን ድምፅ ከሚያጠኑ ባለሙያዎች ጋር ትሠራለች።

«ጋሼ፣ ድምፅዎ ምን ሆነ?» አለች፣ ወደ ኋላ አብረው እየተመለሱ።

ቁስላቸውን ነካች። አቶ ኤርሳዶ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌና ሰባኪ ናቸው፤ ድሮ ሲሰብኩ ማይክሮፎን አያሻቸውም ነበር። ካቻምና ከኋላ የተቀመጡት «አይሰማም» ማለት ጀመሩ። ማይክሮፎኑ ተቀየረ፤ ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛው መጣ፣ የድምፅ ባለሙያው ታዴዎስም በየሳምንቱ ተወቀሰ። ያ ሁሉ ዕቃ ሲፈተሽ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ሰውየውን ልፈትሽ ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። አሁንማ «የመንፈስ ቅዱስ ቅባት ተለይቷቸዋል» የሚሉም አልታጡም፤ ከመጪው ወር ጀምሮ መድረኩ ለሌላ ሊሰጥ ነው። ለእሳቸው ደግሞ መድረኩን ማጣት ሞት ነው።

«ዕቃው ነው» አሉ። «የዛሬ ዕቃ ምን ዕቃ አለው?»

«ታክሲ ውስጥ ምን ማይክ ነበረ፣ ጋሼ?»

መልስ ያጣ ሰው ቁጣ አያጣም። «በሽታ ልትሰጪኝ ነው? አልቀበልም! አፍሽን ሰብስቢ።»

ዲና ግን የምትደነግጥ ልጅ አይደለችም። «ይቆጡኝ፤ ግን ይስሙኝ። ፓርኪንሰን የሚባል በሽታ አለ፤ እንቅስቃሴያችንን የሚያዝዘውን የአንጎል ክፍል ቀስ እያለ ያደክማል። አንዳንዱ ሰው ላይ እጁ ሳይንቀጠቀጥ ድምፁ ይለወጣል፤ ይቀንሳል፣ ከፍ ዝቅ ማለቱን ያጣል። አብሮ የሚኖር ሰው ጆሮ ይለምደዋል። ኮምፒውተር ግን ይለካል።»

«የሰውን ሕመም ብረት ሊያውቀው?»

«አያውቀውም፤ ሊሳሳትም ይችላል። ቴርሞሜትር ወባ ይዞዎታል አይልም፤ ትኩሳት መኖሩን ግን ይነግርዎታል። ይሄም እንደዚያው ነው፤ ‹ሐኪም ይያቸው› ከማለት አያልፍም።»

«እኔ ሐኪሜ በሰማይ ነው።»

ልጅቱ ቆመች። ከዚህ በኋላ የተናገረችውን ለዓመታት ይዛው የኖረች ይመስላል።

«የአባቴም ሐኪም በሰማይ ነበር። ምላሱ ሲተሳሰር፣ ሲራመድ ሲንገዳገድ፣ ‹አስፋው ወደ መጠጥ ተመለሰ› ብላችሁ ከቤተ ክርስቲያን ኅብረት አገዳችሁት። የእገዳው ደብዳቤ ላይ የእርስዎም ፊርማ አለበት። አንዲት ጠብታ አልቀመሰም ነበር፣ ጋሼ። በሽታው ፓርኪንሰን እንደሆነ ያወቅነው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ሁለት ዓመት ከቤት ሳይወጣ በእፍረት ጨረሰው።»

አቶ ኤርሳዶ አጥር ተደግፈው ቆሙ። ደብዳቤውን ያስታውሱታል፤ ሲፈርሙ እጃቸው አላመነታም ነበር። «ምን ላድርግ፣ ልጄ?» አሉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ገንዘቤ ነገሩን ሲሰሙ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ተነሥ» ብለው ራሳቸው ዲና ወደምትሠራበት ዩኒቨርሲቲ ይዘዋቸው ሄዱ። ዲና አቶ ኤርሳዶን በአንድ ትንፋሽ «አ» አስባለች፣ አንድ ገጽ አስነበበች፣ ባለፉት ዐሥር ዓመታት የተቀዱ ስብከቶቻቸውንም ለኮምፒውተሩ ሰጠች። የድምፃቸው ከፍታና ዝቅታ ከዓመት ዓመት እየጠበበ መምጣቱ በግልጽ ታየ። ከዚያ የተላኩበት የነርቭ ሐኪም እጅና እግራቸውን፣ አረማመዳቸውን፣ ጽሕፈታቸውን መርምሮ በሽታው ፓርኪንሰን መሆኑን ነገራቸው። መድኃኒት ጀመሩ፤ በየጠዋቱም ለድምፃቸው ልምምድ መዝሙረ ዳዊትን በጩኸት ያነባሉ፣ የኮንዶሚኒየሙ ጎረቤት ቢያጉረመርምም።

ሽማግሌዎቹ ወሬውን ሲሰሙ «በጸሎት እስኪያልፍ በምስጢር ይያዝ» አሉ። ሰው ሲታመም መደበቅ፣ ሲሞት ማልቀስ የኛ ሙያ ነው። አቶ ኤርሳዶ ግን እሑድ ዕለት ሳይጠሩ መድረክ ላይ ወጡ።

«ፓርኪንሰን ይዞኛል» አሉ። «እስከ ዛሬ አልቀበልም ስል በሽታው ምኑም አልተነካም፤ የገፋሁት ሐኪሙን ነው። ጸሎቴን አልተውኩም፣ መድኃኒቴንም አልተውም። በሽታው ፈጽሞ የሚድን አይደለም አሉኝ። በጊዜ ከታወቀ ግን መድኃኒቱና ልምምዱ ያግዛል፤ ሰው ሥራውን ሳይለቅ፣ ቤተሰቡን ሳያደክም ብዙ ሊኖር ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስም አይጠፋም። ድምፁ የተለወጠ፣ እርምጃው የከበደ ሰው ያላችሁ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት አስመርምሩት።»

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ እንዲወርዱ በእጃቸው ምልክት ሰጡ። አልወረዱም።

«መድረኩን ውሰዱት፤ አልከለክልም። ነገር ግን አስፋው ታሞ ነበር እንጂ አልሰከረም። ካገዱት አንዱ እኔ ነኝ። ያ ውሳኔ እዚሁ፣ በምእመናን ፊት፣ ካልተሰረዘ ከዚህ አልነቃነቅም።»

አትሮኖሱን ይዘው ቆሙ። «ይሰረዝ» ብሎ ከምእመናኑ አንዱ እጁን አወጣ፤ ሌላው ተከተለ፤ ከዚያ ሁሉም አወጡ። የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ መዝገቡን አምጥቶ ውሳኔውን ሰረዘና የአስፋውን ስም ከነሙሉ አባልነቱ ጮክ ብሎ አነበበ። አቶ ኤርሳዶ ያኔ ወረዱ፤ ዲና ደግፋ አስቀመጠቻቸው።