ለድልድዩ የተከመረው ድንጋይ

ጥቁር ውሃን ተሻግራችሁ፣ ልብሳችሁ እንደራሰ በማዶ ሩፋኤል ቅጽር የቆማችሁ ካህናት አባቶቻችን፣ ሙስሊምና ክርስቲያን ሳንል እንደ ዕድር አብረን የምንቀባበርበት የቅሬያችን አባላት፣ ዘመድ ወዳጆች ሆይ፤ እኔ የአጎታቸው ልጅ ወንድማገኘሁ የአቶ አሳምነው ወልደሩፋኤልን ዜና ሕይወት ላሰማችሁ ቆሜያለሁ፤ ድምፄ ቢቆራረጥ ታገሡኝ።

አቶ አሳምነው ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደሩፋኤል አድማሴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ንግሥቴ በ1959 ዓ.ም. እዚሁ ከወንዙ ማዶ ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው ዳዊት የደገሙት ከአባታቸው ዘንድ ሲሆን፣ ዘመናዊ ትምህርታቸውን ግን መካነ ሰላም ቤት ተከራይተው ተከታትለዋል፤ ዝናብ ቀድሞ በጣለበት ዓመት ስንቃቸው በዚህ ዳር፣ እሳቸው በዚያ ዳር ይቀሩና እናታቸው ስንቁን ተሸክመው እያለቀሱ ይመለሱ ነበር።

ከዚያም በመንገድ ሥራ ሙያ በዲፕሎማ ተመርቀው በአቀስታና በአጅባር ካገለገሉ በኋላ ወደ ወረዳችን ተዛውረው የመንገድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆኑ። ወይዘሮ ደብረወርቅን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው ጸደንያንና በፍቃዱን አፍርተዋል። በሥራ ላይ ቁጡ፣ ከሥራ ውጭ ግን ሰው ሲያስቁ የሚውሉ ተጫዋች ነበሩ።

ኃላፊነቱ ስሙ ትልቅ ነው እንጂ፣ በሐምሌ የጸደቀው በጀት በጋው ሁሉ ሲጠበቅ ከርሞ የሚለቀቅበት፣ ሲለቀቅም ከሠራተኛ ደመወዝ የማያልፍበት ወንበር ነበር። መኪናው ነዳጅ አጥቶ ግቢ ውስጥ ሲቆም እሳቸው በሰው በቅሎ ቀበሌ ለቀበሌ ይዞሩ ነበርና፣ ገበያተኛው ከሩቅ ሲያያቸው “በጀቱ መጣ!” እያለ ይቀልድባቸው፣ እሳቸውም “መጣሁ፤ ባዶ እጄን ነኝ” ብለው አብረው ይስቁ ነበር።

ሳቃቸው የቀነሰው እናታቸው በነሐሴ ያረፉ ዕለት ነው። ወንዙ ሞልቶ መሻገር ስላልተቻለ አቶ አሳምነው በወዲያኛው ዳር ቆመው፣ የእናታቸውን አስከሬን ከቤት ሲወጣ በዓይናቸው እያዩ፣ ለቅሶውን በጆሯቸው እየሰሙ፣ አፈር ሳያለብሱ ቀሩ። ይህን ያየ ሰው መቼም አይረሳውም።

በእናታቸው አርባ ቀን ቅሬው እንደተሰበሰበ ተነሡና፣ “ድንጋይና አሸዋው ከእናንተ፣ ብረትና ባለሙያው ከመንግሥት፤ ለመጪው ክረምት በድልድይ ትሻገራላችሁ፤ ይህ ባይሆን የእናቴ አፈር ይፋረደኝ” አሉ። የበጀትን ነገር ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ያናገራቸው ሐዘን ነው። የቅሬያችን ዳኛ ሐጂ አሕመድኑርም “አሳምነው፣ አንተ ካልክማ እናመጣለን፤ ኢንሻአላህ ይሆናል” ብለው መረቁ። እህሉ እንደገባ ወንዱ በትከሻው፣ ሴቱ በጀርባው፣ አህያ ያለው በአህያ እያመላለሰ ያንን የምታውቁትን ድንጋይ በዚህ በወንዙ ዳር ከመርን፤ ዐረብ አገር ያለችው የሐጂ ልጅ ኡምኩልሱምም ጓደኞቿን አስተባብራ ሲሚንቶውን ገዝታ ላከችልን።

የመንግሥት ድርሻ ግን በጥቅምት ይለቀቃል ሲባል ለጥር፣ በጥር ሲባል ለሚያዝያ እየተላለፈ፣ የተለቀቀው ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ ያውም ተቆራርጦ፣ ወንዙ ከሞላ በኋላ ነው። በጎርፍ መካከል መሠረት አይጣልም፤ ሰኔ ሠላሳ ደግሞ የበጀት ዓመቱ ተዘጋና ሥራ ላይ ያልዋለው ተመላሽ ይሁን ተባለ። ወይ ነዶ! ከላይ ሆነው በጀቱን የሚለቁልን ሰዎች የእኛ ክረምት መቼ እንደሚገባ የሚነግራቸው ጠፋ? በሚቀጥለው ዓመትም፣ ከዚያም በኋላ፣ ለደመወዝ ብቻ እንጂ ለድልድይ የሚሆን አልመጣም። ከዚህ በላይ ብናገር ለቅሶው ወደ ጠብ ይሄድብኛል፤ ሆድ ይፍጀው።

ሲሚንቶው በቀበሌው መጋዘን እንዳለ ከነከረጢቱ ደረቀ። አቶ አሳምነው መጥተው በእጃቸው ዳሰሱትና እዚያው ቁጭ ብለው አለቀሱ። ሐጂ አሕመድኑር “ተው እንጂ ልጄ፣ አንተ ምን አጠፋህ?” ቢሏቸው፣ “ሐጂ፣ ቃሌን በላሁ እኮ” ነበር መልሳቸው። ከዚያ ወዲያ በገበያ ቀን ከቤት አይወጡም፤ ለሩፋኤል ንግሥ እንኳ መምጣቱን ተዉት፤ እኛ የተቀየምን መስሏቸው ነበር። አንድም ሰው አልተቀየመም፤ ይህን በሕይወት ሳሉ አምነውልን ቢሆን ምን ነበረበት!

በስኳር ሕመም ለረጅም ጊዜ ሲታመሙና ሲታከሙ ቆይተው፣ በዚህ በነሐሴ ወር፣ በተወለዱ በአምሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። በኑዛዜያቸው ከእናታቸው አጠገብ እንዲቀበሩ ስለጠየቁ፣ ከጠዋት ጀምረን ውሃው እስኪጎድል ጠብቀን፣ ወጣቶቻችን ገመድ ይዘው፣ ሬሳቸውን በትከሻ ከፍ አድርገው አሻገሯቸው። ለእናታቸው ቀብር ያልደረሱት ወንድሜ ለራሳቸው ቀብር በዚህ ዓይነት ደረሱ።

በቅሬያችን ደንብ የመቃብሩን ድንጋይ የሚያቀርቡት ወጣቶች ናቸውና፣ ትናንት ጭቃው ቢያስቸግራቸው ቅርብ ካለው ክምር ማንሣት ጀምረው ነበር። ወይዘሮ ደብረወርቅ ይህን ሲሰሙ ከወዲያኛው ዳር ሆነው ጮኹ፤ ባለቤታቸው “ከዚያ ድንጋይ አንዲትም ለእኔ እንዳትነካ፤ የድልድዩ ነው” ብለው ተናዝዘው ነበርና። የተነሣውም ወደ ቦታው ተመለሰ። አቶ አሳምነው ዛሬ አፈር ብቻ ለብሰው የተኙት ሰው አጥተው አይደለም፤ ድንጋዩን ለድልድዩ ትተው ነው።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ደብረወርቅን፣ ልጆቻቸውን ጸደንያንና በፍቃዱን፣ እኛን ወንድምና እህቶቻቸውን፣ ደግሞም ይህን ቅሬ በሐዘን ትተውን ሄደዋል። መሐሪው አምላክ በሰው ፊት ያቀረቀረችውን ነፍሳቸውን በእርሱ ፊት ቀና ያድርግልን፤ ከደጋግ አባቶቻችን ጋር ያሳርፍልን፤ ለእኛም መጽናናትን ይስጠን፤ አሜን።

ስትመለሱ በክምሩ አጠገብ ታልፋላችሁ፤ ማንም እንዳይነካው። አሁን ደመናው ከብዷልና ወንዙ ሳይሞላ ተነሡ፤ ስትሻገሩም እጅ ለእጅ ተያያዙ።