በጉን ማን አረደው ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነኝ

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ ሸዋወርቅ ገብረወልድ
ዕድሜ፦ 53
ሥራ፦ ቀድሞ የልብስ ስፌት ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል፣ አሁን በሕመም ምክንያት ሥራ ያቆሙ
አድራሻ፦ ናዝሬት ከተማ፣ ቀበሌ 09
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ጥር 29 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ ሃምሳ አለቃ መርዳሳ ሆራ
ጉዳዩ፦ በወ/ሮ መሪማ መሐመድዘይን ላይ ስለደረሰው ጉዳት

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው ምስክር፣ የማውቀውን እንድናገር ተጠርቼ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

መሪማ ጎረቤቴ ናት። አሥራ ሰባት ዓመት አንድ ግድግዳ ተጋርተን ኖረናል። በእኔ በዓል ለእሷ የሚቀርበውን ዶሮ በሙስሊም አሳርዳለሁ፣ እሷም በዒድ ቀን የእኔን በክርስቲያን ታሳርዳለች። በዚህ ነገር ተቀያይመን አናውቅም። ይህ ለጉዳዩ ምን ያደርጋል ተብዬ ስጠየቅ፣ ሁሉም ነገር የመጣው በዚሁ በኩል ስለሆነ እንዲጻፍልኝ ጠይቄአለሁ።

መሪማ የስኳር በሽተኛ ናት። ስምንት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ራሷን በመርፌ ትወጋለች። የናዝሬት ሙቀት መድኃኒቱን እንዳያበላሸው ጠርሙሱ የሚቀመጠው እኔ ቤት፣ ከእንስራው ሥር ባለው እርጥብ አሸዋ ውስጥ ነው። አሸዋውን በውሃ የማርሰው እኔ ነኝ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን ትመጣለች፣ ትወጋለች፣ ትንሽ አውርተን ትሄዳለች።

እኔ ደግሞ ባለፈው ሐምሌ ድንገት ወደቅሁና ቀኝ እጄ ሰለለ። የሰፊ እጅ ነበር። ለእጄ ይበጀኛል ብዬ ሶደሬ ፍል ውሃ መመላለስ ጀመርኩ። አብተው ኃይለየሱስ የሚባለውን ሰው ያወቅሁት በታኅሣሥ ወር እዚያው አካባቢ ነው። ከፍል ውሃው ግቢ ውጪ፣ ወደ አዋሽ በሚወርደው መንገድ ዳር ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቶ ነበር። ያኔ ዶክተር አብተው፣ እርሳቸው እያልኩ ነበር የምጠራው። በዚህ ወረቀት ላይ ግን እሱ ተብሎ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ።

ድምፁ ቀስ ያለ ነው። ሲናገር ሰው እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። መሪማንም ይዣት ሄጄ አብረን ሰማነው። በመርፌ የምወጋችሁ ያልተወለደ ጠቦት ሕዋስ ገና ምን እንደሚሆን አልወሰነም፣ እጅ ጋ ሲደርስ እጅ ይሆናል፣ ቆሽት ጋ ሲደርስ ቆሽት ይሆናል አለን። ሕዋስ ምንድን ነው ስለው፣ ችግኝ ማለት ነው አለኝ። እኛም በቀበሌ ዘመቻ ጋራ ላይ ችግኝ ስንተክል ስለከረምን ነገሩ ወዲያው ገባን። ዓይኔን ጨፍኜ እጄ ውስጥ ሲለመልም አየሁት። የትምህርት ማስረጃውን አይተሻል ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ ግድግዳው ላይ ማኅተም ያለበት በመስታወት የታሰረ ወረቀት አይቻለሁ፤ የተጻፈው በፈረንጅ ፊደል ስለነበር አላነበብኩትም።

ጥር 19 ቀን ረቡዕ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ከመሪማ ጋር ለመጀመሪያው መርፌ ገባን። ከመወጋቴ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት፤ በጉን ማን እንዳረደው። ረቡዕም ስለነበር ጾም ይገደፋል ወይ አልኩት። አልሳቀብኝም። ሁለት ጠርሙስ አውጥቶ አሳየን። በአንደኛው ፕላስተር ላይ መስቀል፣ በሌላው ላይ ጨረቃ በእርሳስ ተሥሏል። ለየእምነታችሁ ለየብቻ ይታረዳል፣ መርፌም ጾም አይገድፍም አለን። እኔና መሪማ ተያየን። እኛ ለዓመታት አንዳችን ለሌላችን ያደረግነውን ያደረገልን መሰለንና ደስ አለን። ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ ያነሳ የለም።

በዚሁ ወሬ ላይ አብተው ወደ መሪማ ዞሮ፣ "ይሄ በየጠዋቱ የሚወጉት የስኳር መርፌ እኮ ከአሳማ ነው የሚሠራው፣ አልነገሩዎትም?" አላት። አዲሱ ቆሽት እስኪያድግ መርፌውን እንድታቆምም ነገራት። ከተወጋን በኋላ አዋሽ ዳር ዛፍ ሥር አረፍን። እንፋሎቱ ከፍል ውሃው እየተነሳ በላያችን ያልፍ ነበር፣ የወንዙ ዳር ዝንጀሮዎች እንኳ ድምፅ አልነበራቸውም። እዚያ ተቀምጠን መሪማ፣ "ሸዋዬ፣ አንቺ ባትጠይቂው ኖሮ ወላሂ በሐራም እየተወጋሁ ልሞት ነበር" አለችኝ። ስንት ሰዓት እንደተቀመጥን ስጠየቅ አላውቀውም። ጥላው ከእግራችን እስከ ውሃው ደርሶ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መሪማ ጠዋት መምጣት አቆመች። ጠርሙሷ አሸዋው ውስጥ ቀረ።

ጥር 21 ቀን ዓርብ ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ ጋደም ብዬ ሕልም አየሁ። ሕልም ለምርመራው አያስፈልግም ቢባልም እንዲጻፍልኝ ስለለመንኩ ተጽፏል። የስፌት መኪናዬ አዋሽ መሐል ቆሞ፣ እኔ በቀኝ እጄ መርፌ ላይ ክር አስገባለሁ። ክሩ ሳይጠማዘዝ ይገባል። መሪማ ከወንዙ ማዶ ቆማ ውሃ በሁለት እጇ እየዘገነች ትጠጣለች፣ አትጠግብም። ስነቃ ትንሿ ጣቴ የተንቀሳቀሰች መሰለኝ። በእርግጥ ተንቀሳቅሳለች ወይ ተብዬ ስጠየቅ መማል አልችልም። የዚያን ቀን ግን ከደስታዬ ብዛት አልቅሻለሁ።

ከእሑድ ጥር 23 ቀን ጀምሮ መሪማ እኔ ቤት የምትመጣው ለውሃ ብቻ ሆነ። ከእንስራው ሦስት አራት ጣሳ አከታትላ ትጠጣለች። ማክሰኞ አስመለሳት፣ ትንፋሿም የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸት ነበር። ከአሸዋው ውስጥ ጠርሙሷን አውጥቼ ልሰጣት ሁለት ጊዜ እጄን ሰድጃለሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ መልሼዋለሁ። አብተው ሐሰተኛ ከሆነ የእኔም ጣት ሐሰት ልትሆን ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ጥር 26 ቀን ረቡዕ ሁለተኛው መርፌ ነበር። መሪማ መነሳት ስላቃታት ብቻዬን ሄድኩ፣ ሕመሟንም ልነግረው አስቤ ነበር። 4 ሰዓት ከሩብ ላይ ስደርስ የውስጠኛው ክፍል በር ገርበብ ብሎ አብተው ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን አለ። ከዚያው ከአንዱ ሳህን እየቀዳ ሁለቱንም ጠርሙስ ሞላ። ከዚያ ፕላስተር ቆርጦ በአንዱ ላይ መስቀል፣ በሌላው ላይ ጨረቃ ሣለ።

ምን አደረግሽ ተብዬ ስጠየቅ፣ ወደ ኋላ ተመልሼ በሩን አንኳኳሁ፣ እንዳላየሁ ሆኜ ገባሁ፣ ክንዴን ሰጥቼ ተወጋሁ። ስለ መሪማ ነገርኩት። በሽታው ሲወጣ እንዲህ ያደርጋል አለኝና ጨረቃ ያለበትን ጠርሙስ በቀዝቃዛ ቦታ እንዳስቀምጥላት ሰጠኝ። ይዤው መጥቼ ከእንስራው ሥር፣ ከፊተኛው ጠርሙሷ አጠገብ ቀበርኩት። ከዚያ ወደ ቤቷ ስገባ ከቀኑ 10 ሰዓት ሆኖ ነበር። መሬት ላይ ወድቃ አገኘኋት። ስጠራት አትሰማም፣ ትንፋሿ ብቻ ጮክ ብሎ ይሰማል። ጎረቤት ጠርቼ በጋሪ ሆስፒታል አደረስናት።

ሐኪሟ ሴት ናቸው። ምን እንደተወጋች ለማወቅ ቸኩለው ነበርና እዚያው ኮሪደር ላይ ጠየቁኝ። ይህ ሰው ከዚህ በፊት ማንን አድኗል፣ የዳኑትስ የት ነው ያሉት? ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ማን መርምሮታል? ትኩሳት ቢነሳባችሁ ወደ ማን ሂዱ ብሏችኋል? የስኳር መርፌዋን ያዘዘላት ሐኪም እንዳቆመች ያውቃል? ለዓመታት ልብስ የሰፋሁላቸው ሰዎች እንኳ ጨርቁን ገልብጠው አይተው፣ ክሩን ስበው ነበር የሚወስዱት። እኔ የጠየቅሁት በጉን ማን እንዳረደው ብቻ ነው፣ እሱም ውሸት ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሐኪሟ የመሪማን የድሮ ጠርሙስ አስመጥተው ጽሑፉን አነበቡልኝ። የተሠራው ከበሬ ነው ይላል። ስምንት ዓመት አሸዋ ውስጥ ሳስቀምጠው አንድም ቀን ለሚያነብ ሰው አላሳየሁትም። የአሳማ ቢሆን ኖሮም፣ የመስጊዱ ሼህ ቢጠየቁ ለነፍሷ ሲሉ በፈቀዱላት ነበር አሉኝ። እሳቸውንም የጠየቀ የለም።

መሪማ እስከ ዛሬ ጠዋት ዓይኗን አልገለጠችም። ሐኪሟም ትነቃለች አላሉኝም፣ አትነቃም አላሉኝም።

ጨረቃ ያለበትን ጠርሙስ ትናንት ለሃምሳ አለቃ መርዳሳ አስረክቤአለሁ። ምርመራው ሲያልቅ ንብረቱ ለባለቤቱ ይመለሳል ስባል፣ ለእኔ እንዳይመለስ ለምኛለሁ። ምክንያቱን ስጠየቅ፣ ሁሉን ካየሁ በኋላም ክንዴን የሰጠሁ ሰው ስለሆንኩ ነው። አሁንም ከሰዓት በኋላ ጋደም ባልኩ ቁጥር ያን የሕልሜን ክር መርፌው ውስጥ ሲገባ አየዋለሁ። ጠርሙሱ ከእኔ ጋር አንድ ቤት ቢያድር አልታመንም።

የምጨምረው ካለ ተብዬ ስጠየቅ፤ የመሪማን የስኳር መድኃኒት ሐኪሟ አንብበው መልሰውልኛል። ከእንስራው ሥር በቦታው አስቀምጬዋለሁ። ዛሬ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አሸዋውን አርሼ ትንሽ ጠብቄአታለሁ፣ ከዚያ ነው ወደዚህ የመጣሁት።

የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ። ሕልም ያልኩት ሕልም ነው፣ አየሁ ያልኩት በዓይኔ ያየሁት ነው፣ ለማንም አልተናገርኩም ያልኩትም እውነት ነው። ቀኝ እጄ ብዕር ስለማይዝ በግራ እጄ አውራ ጣት አትሜአለሁ።

የምስክሯ የግራ አውራ ጣት አሻራ፦ ወ/ሮ ሸዋወርቅ ገብረወልድ
ቃል ተቀባይ፦ ሃምሳ አለቃ መርዳሳ ሆራ (ፊርማ)