ፎቶው ላይ ያለው መቃብር

(ፑኔ፣ ሕንድ፤ ሂንዱዎች የአምላካቸውን የጋኔሽን የሸክላ ምስል ወደ ወንዝ በሚሸኙበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ። የኢትዮጵያውያን እድር ሊቀመንበር በሆኑት በጋሽ ውብሸት በረንዳ ላይ፤ ትርሲት በወረርሽኙ ጊዜ እዚህ የሞተውን የባሏን የአምሃን መቃብር ልታይ ከመጣች አራተኛ ቀኗ ነው።)

ትርሲት፦ ዛሬም መንገዱ ተዘግቷል ሊሉኝ ነው?

ጋሽ ውብሸት፦ ከበሮውን አትሰሚም? ከተማው በሙሉ ወንዝ ወርዷል። ነገ እንሄዳለን።

ትርሲት፦ ትናንትም ነገ ብለውኝ ነበር።

ጋሽ ውብሸት፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ልጄ።

ትርሲት፦ ሦስት ዓመት የጠበቀች ሴት ቸኮለች ትባላለች?

ጋሽ ውብሸት፦ እስቲ አረፍ በይ። ምሳ ይቀርባል፤ ጤፉ ከአገር ቤት የገባው ትናንት ነው።

ትርሲት፦ አራት ቀን ሙሉ ከቤት ቤት ጋበዛችሁኝ። ሁሉም ስለ ጤፍ ያወራል። የአምሃን ስም ስጠራ ቴሌቪዥኑን ከፍ ያደርጉታል።

ጋሽ ውብሸት፦ ሐዘንሽን ላለመቀስቀስ ነው።

ትርሲት፦ ሐዘኔን ለእኔ ተዉልኝ። ሰዎቹ ሸክላውን ምን እያሉ ነው የሚሸኙት?

ጋሽ ውብሸት፦ «ለከርሞ ቶሎ ና» ነው የሚሉት። ዐሥር ቀን እንደ እንግዳ ያስተናግዱትና ውሃ ውስጥ ይከቱታል። ሟሙቶ ይቀራል። ሃያ ሁለት ዓመት ከዚሁ በረንዳ አይቼዋለሁ።

ትርሲት፦ አንድ ቀን እንኳ አልወረዱም?

ጋሽ ውብሸት፦ በሰው በዓል ምን ልሠራ?

ትርሲት፦ ለእኔና ለእናቱ የላኩልን ፎቶ ይኸው። የመስቀሉን ጽሑፍ አጉልቼ አነበብኩት፤ «ማሪያ ፈርናንዴስ» ይላል። ባሌ ማሪያ ነው እንዴ?

ጋሽ ውብሸት፦ ምሳው ደረሰ መሰለኝ፣ እስቲ ልይ።

ትርሲት፦ ጋሽ ውብሸት።

ጋሽ ውብሸት፦ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። እናቱ «መቃብሩን አሳዩኝ» እያሉ ሲያለቅሱ ምን ልላክላቸው? መቃብር የለውም። ተቃጥሏል።

ትርሲት፦ ክርስቲያን ነው የሚል ሰው ጠፋ?

ጋሽ ውብሸት፦ እስከ ማታ መጥቶ አስከሬኑን ከሆስፒታል የሚረከብ ካልተገኘ ያቃጥሉ ነበር። ስልክ ተደወለ።

ትርሲት፦ ለማን?

ጋሽ ውብሸት፦ ለእኔ። ለአባላቱ ሁሉ ደወልኩ። አንዱ ሌላው ይሂድ አለ። የበሽታውን ክፋት ታውቂዋለሽ።

ትርሲት፦ እርስዎስ?

ጋሽ ውብሸት፦ ስኳር አለብኝ፣ ልጄ።

ትርሲት፦ ብቻውን ነደደ በሉኛ።

ጋሽ ውብሸት፦ ብቻውንስ አይደለም። ኩልካርኒ የሚባሉ ሂንዱ ጎረቤቱ ሄዱ። በእነሱ ደንብ እሳቱን የሚለኩሰው የሥጋ ዘመድ ነው። «ዘመዱ እኔ ነኝ» ብለው ለኮሱለት። ፀጉራቸውንም ተላጩለት። አመዱን እዚያ ወንዝ...

ትርሲት፦ ሸክላው የሚገባበት?

ጋሽ ውብሸት፦ እሱው። እባክሽ፣ ለእናቱ እንዳትነግሪ። የመቃብሩን አፈር አምጪልኝ ብለውሽ የለ? ከቤተ ክርስቲያን ግቢ እዘግንልሻለሁ። ይህ ከተሰማ እድሩ ይፈርሳል።

ትርሲት፦ እድሩማ ያን ቀን ፈርሷል። ሰውየው የት ነው የሚኖሩት?

ጋሽ ውብሸት፦ ዛሬ ቤታቸው አታገኚያቸውም። ሸክላቸውን ይዘው ወንዝ ወርደዋል።

ትርሲት፦ ነጠላዬን ያቀብሉኝ።

ጋሽ ውብሸት፦ ኧረ ተይ፣ መንገዱ ተዘግቷል!

ትርሲት፦ ለመኪና ነው የተዘጋው። በእግሩ ለሚሄድ ዛሬም ክፍት ነው፤ ያን ቀንም ክፍት ነበር።