ተጠባቂ ናት ተብያለሁ

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ማን ልበል? … ሀሲና! ልጄ! ደረስሽ? … አልሐምዱሊላህ! ጋሽ ታደለ፣ ደርሳለች! ቢቸና ገብታለች! … ለጋሽ ታደለ ነው፤ በቆሎ ሊያስመዝን መጥቶ እዚሁ መጋዘን አለ። ሰላም ብሎሻል። ሞጣ ዛሬ ሌላ ወሬ የላትም እኮ፤ «የአብዱራዛቅ ልጅ ለተማሪዎች የፈጠራ ሥልጠና፣ ለፌሎሺፑ አለፈች» ነው።

— ምን? … እኔ እሰማሻለሁ። አንቺስ፣ ትሰሚኛለሽ? … ታዲያ ለምን ትንሾካሾኪያለሽ? … በር ላይ? እስካሁን? ግቢያ! ስምሽን ንገሪያቸው። ሀሲና አብዱራዛቅ፣ ከሞጣ። የእህል እርጥበት የሚለየውን ዘንግ የሠራሁት እኔ ነኝ በያቸው። ጆንያ ውስጥ ሲወጉት ቀይ የሚያበራውን …

— እንዴት ስምሽ የለም? … በደንብ ይዩት። … ከተመረጡት ሃያ ተማሪዎች ውስጥ የለም። … እሺ። እሺ፣ አታልቅሺ፣ የኔ እናት። … ሌላ ወረቀት ላይ አለ? አየሽ! ምን ይላል? … ምን? … አይ፣ ተሳስተሻል። «ተጠባቂ» ነው። መምህር ደምለው ራሱ ደውሎ ነግሮኛል፤ «ልጅዎ ተጠባቂ ናት» ነው ያለኝ። እስቲ ቀስ ብለሽ አንብቢው። … ተ … ጠ … ባ … ባ … ቂ።

— ሁለት ባ ነው?

— … አለሁ። አልዘጋሁም። … አውቃለሁ። ቅያሪ ማለት ነው። ሰው ሲጎድል የሚገባ።

— ልጄ፣ ያን ቀን አይሱዙ እያስጫንኩ ነበር። ሞተሩ ያጓራል፣ ወዛደሩ ይጮኻል፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። «ተጠባቂ» ነው የሰማሁት። ትምጣልን ተብላ የምትጠበቅ። … አዎ፣ «ሰው ከጎደለ ትጠራለች» ብሎኝ ይሆናል፤ እኔ «ትጠራለች»ን ብቻ ይዤ ወደ እናትሽ ሮጥኩ። በቆሎ በጥርሴ ነክሼ እርጥቡን ከደረቁ የምለይ ሰውዬ፣ አንዲት ባ አመለጠችኝ።

— አይ፣ አታጽናኚኝ። አንቺማ «መምህሬ ጋ ልደውልና ልጠይቅ» ብለሽኝ ነበር። «አባትሽን አታምኚም?» ያልኩሽ እኔ ነኝ። ሰፈሩን ሰብስቤ ዱዓ ያስደረግኩት እኔ ነኝ። የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ ልጄ።

— ቆይ፣ ምን አልሽ? ድገሚልኝ። … አንዷ አልመጣችም? ከየት ናት? … ከጉንደ ወይን። እስከ ስድስት ሰዓት ካልደረሰች አንቺ ትገቢያለሽ? እነሱ ናቸው ያሉት? ጋሽ ታደለ፣ ስንት ሰዓት ነው? … አምስት ተኩል! የጉንደ ወይን መንገድ ደግሞ ዝናብ ከጣለበት እንኳን ሚኒባስ በቅሎም አያሳልፍ። ይኼኔ አንድ ቦታ ላይ ጭቃ ይዟት …

— አስተግፊሩላህ! ምን እያልኩ ነው? የሰው ልጅ መንገድ ላይ እንድትቀር እየተመኘሁ። አንቺ እንዲህ አታስቢ፣ እሺ? እኔ ሽማግሌው ላስበው።

— ኃላፊዋ አጠገብሽ ናቸው? ስልኩን ስጫቸው። … ሄሎ፣ ወይዘሮ ወይንእሸት፣ እንደምን ዋሉ? የሀሲና አባት ነኝ። … ጥፋቱ የኔ ነው፣ እመቤቴ፣ የሷ አይደለም። … አልጋው ሃያ ከሆነ ፍራሽ እኔ እልካለሁ። ቀለቧንም እችላለሁ። ከኋላ ቆማ ትስማ ብቻ። … እ … እ … ገባኝ። ሌሎችም ተጠባባቂዎች አሉ። እነሱ ቤታቸው ስልክ እየጠበቁ ነው። … ልክ ነው፣ ለኔ ልጅ ከተፈቀደ ለነሱስ? … አይ፣ አልተቀየምኩም። እርስዎ ምን ያድርጉ። … እግዜር ይስጥልኝ።

— ሀሲና? … ይኼ ጫጫታ ምንድን ነው? … ማን መጣች? …

— ደረሰች።

— ግማሹን በእግሯ? እስከ ጉልበቷ ጭቃ? … አየሁሽ ነው ስሟ? ምስኪን። … እንግዲህ አለቀ፣ ልጄ። ልቤ ነው የተሰበረው፣ ምን ልበልሽ። … ምን? አልሰማሁሽም፣ ይቆራረጣል። … የሷ ማሽን መንገድ ላይ ሽቦው ተበጠሰ፤ እሺ፣ ታዲያ አንቺ ምን አገባሽ? … ባትሪውንም? … ከዘንግሽ ላይ ፈትተሽ ሰጠሻት? ሀሲና! ስድስት ወር የለፋሽበትን?

— …

— «እኔ ዛሬ የማሳየው ሰው የለኝም» አልሽ?

— … አዎ፣ እያለቀስኩ ነው። ጋሽ ታደለም ያያል፤ ይይ። … አላፍርም። በምን አፍራለሁ?

— በይ ስሚኝ። ምሳ ብዪ። ከዚያ ወደ መናኸሪያ ሂጂና የሞጣን መኪና ያዢ፤ ከፊት ወንበር ተቀመጪ። … ለእናትሽ አንቺ ልትነግሪያት? … አይሆንም። ተደብቄ አንቺን አላስጠይቅም። ከመድረስሽ በፊት እኔው እነግራታለሁ። … ቻርጅ የለሽም? እሺ ዝጊው። ሀሲናዬ፣ ይቅር በ… ሄሎ? … ሄሎ? ትሰሚኛለሽ? …

— ጠፋ።

— ማን ነው? … ኸይራት! መጣሽ? … አዎ፣ ልጃችን ነበረች። … ትሪውን ባዶ አደረግሽው? የደስታውን ዳቦ ለጎረቤት ሁሉ አዳረስሽ? … አይ፣ ምንም አልሆነችም፣ ደህና ናት። … ጋሽ ታደለ፣ እስቲ ወንበሩን አቀብላት። ተቀመጪ፣ ኸይራት። … መጀመሪያ ተቀመጪ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከዚህ ልጀምርልሽ።