ላስቲኩ ያልተነሣለት ሶፋ

ሕመምተኞችን ቤት ለቤት እየዞረች የምትጠይቀው ነርስ የታመመችውን ልጅ አክስት ያገኘቻቸው በአጋጣሚ ግቢው በር ላይ ነበር። የማስታገሻው ሽሮፕ አልቆ እንደሆነ ብትጠይቃቸው፣ ኮራ ብለው ከግማሽ በላይ መትረፉን ነገሯት። ነርሷ ግን አላመሰገነቻቸውም። ወደ ውስጥ ገብታ ሽሮፑ የሚወሰደው ሰዓቱን ጠብቆ፣ ሕመሙ ሳይመጣ እንደሆነ ለሁለቱም አስረድታ ሄደች። ልጅቷ ደነገጠች፤ እስከዚያን ቀን ድረስ የታዘዘላት አክስቷ ሲብስባት ብቻ የሚሰጧት ያችው ጠብታ ትመስላት ነበር።

አክስት ቁጠባቸው ልክ ያጣ ሴት ናቸው። የእንግዳ ብርጭቆዎቻቸው እንግዳ ሳያዩ አርጅተዋል። ልጅቷ ሶፋ በሚሠራበት ወርክሾፕ ጨርቅ ሰፊ ሳለች፣ ላሳደጓት ለእኚሁ አክስቷ አረንጓዴ ከፈይ መርጣ ሶፋ አልብሳላቸው ነበር። እሳቸውም እንዳይቆሽሽ ብለው በላስቲክ ሸፈኑት። አሁን ጡቷ ተቆርጦም ካንሰሩ አጥንቷ ውስጥ ገብቷል፤ ሐኪሟም እንደማትድን አልደበቃትም። ቀኑን የምትውለው እዚያው ላስቲክ ላይ ተጋድማ፣ ላብ እያጠመቃት ነው።

“አክስቴ፣ የቀረውን የት አደረጉት?” አለች።

“ከብርጭቆዎቹ ጀርባ። አትዘኚብኝ ልጄ፤ አሁን ከጨረስነው ሲብስብሽ ምን ልሰጥሽ ነው? ደግሞ ልብ ያፈዛል ይላሉ።”

“ሲያልቅ ነርሷ ሌላ አመጣለሁ ብላለች እኮ። ልብ የሚያፈዝስ ሕመሙ ነው። ትናንት ጎረቤቶች ሲያጫውቱኝ አንድም ቃል አልሰማሁም። ጥርሴን ነክሼ መሄጃቸውን ስጠብቅ ነበር።”

አክስት ሴት ልጅ መቻል እንዳለባት፣ እሳቸውም ስንቱን ችለው እንዳለፉ አነሡ።

“እኔም ቻልኩት፤ ግን መቻሌ አላዳነኝም። ለክፉ ቀን ብለው ነው ያስቀመጡት። ክፉው ቀን መጥቷል አክስቴ፣ እኔ ያለሁት እሱ ውስጥ ነው።”

አክስት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ የሆዳቸውን አወጡ።

“ጠርሙሱ ካላለቀ አንቺም የምትቆዪልኝ ይመስለኝ ነበር” አሉ። ከዚያ ተነሥተው ሽሮፑን ለኩ፤ ያመጡላትም በእንግዳው ብርጭቆ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰዓቱ አልተዛነፈም፤ መጠኑንም ነርሷ እየመጣች ታስተካክላለች። በሽታው ያው በሽታ ነው፤ መድኃኒቱ ዕድሜ አልጨመረላትም። ነገር ግን እንቅልፍ አገኘች፣ ሁለት ሦስት ጉርሻም መዋጥ ቻለች። የጎረቤቶቹን ወሬ ሰምታ ሳቀች፤ ተናግራ ላልጨረሰችው ነገር ሁሉ ጊዜ አገኘች። ሕመምን መቻል ጀግንነት የሚመስለው ሰው፣ ሕመም የሚሰርቀው ይህን ሁሉ መሆኑን ቢያውቅ መልካም ነው።

አንድ ቀን አክስት ሳይጠየቁ የልጅቷን የስፌት መቀስ አንሥተው ላስቲኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀደዱት። አጠገቧ ተቀመጡና ከፈዩን በመዳፋቸው ደጋግመው ዳሰሱት።

“እንዲህ የሚለሰልስ ነገር ነው እንዴ የሰፋሽልኝ?”

“ይቀመጡበት ብዬ ነበር” አለች ልጅቷ፣ ራሷን ትከሻቸው ላይ ጥላ።