ጥግ ላይ ኮከብ ያለበት አጥር

ልስን ማንም አላስተማረኝም። ሌሎች ሲሠሩ አይቼ፣ በገዛ እጄ ሞክሬ፣ ኮተቤ ውስጥ ስሙ የሚጠራ ግንበኛ ሆኛለሁ። የተማሩ መሐንዲሶች እንኳ ቆመው ሥራዬን ያዩ ነበር። በለሰንኩት አጥር ሁሉ ጥግ ላይ ኮከብ እቀርጻለሁ፤ ፊርማዬ ነው።

ዛሬ ከመገናኛ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ያወሩ ነበር።

«በውሃ ግፊት የሚያጥበው ማሽንሽስ? ሥራ ጀመርሽበት?»

«ጀምሬ ነበር። የመጀመሪያ ሥራዬ እዚሁ ኮተቤ የአንድ ቪላ አጥር ማጠብ ነበር። ውሃውን ስለቀው እድፉ ሳይሆን ልስኑ ወረደ!»

«አንቺ! ግፊቱን አብዝተሽው ነዋ።»

«በትንሹ ነው እኮ ያደረግሁት! ልስኑ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል፤ አሸዋ ብቻ ነው። ሲሚንቶውን የት እንዳደረሰው የለሰነው ሰውዬ ይወቅ።»

«ባለቤቱስ ምን አለ?»

«አንቺ ነሽ ያፈረስሽው፣ እስክታስለስኚው ድረስ ማሽኑ ከዚህ አይወጣም ብሎ ቆለፈበት። የስፌት መኪናዬን ሸጬ የገዛሁትን ማሽን!»

«ታዲያ የለሰነውን ሰውዬ ፈልገሽ አታመጪውም?»

«በምን አውቄው? ባለቤቱም ቤቱን ከሌላ ሰው ነው የገዛው። ጥግ ላይ አንድ ኮከብ ተቀርጾ ነበር፤ መጀመሪያ የረገፈው እሱ ነው።»

ጓደኛዋ ወደ እኔ ዞረች።

«አባባ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ። ጥፋቱ የማን ነው?»

«ወራጅ አለ» ብዬ ሰፈሬ ሳልደርስ ወረድኩና በእግሬ ወደ ቤቴ ሳዘግም በየአጥሩ ጥግ አሥራ አንድ ኮከብ ቆጠርኩ።