ያለ ቃለ ጉባኤ የማይጠፋ ኢሜይል

ቃሊቲ በኮምፒውተር ባለሙያነት የምሠራበት ፋብሪካ መዝገብ ቤት ኃላፊ እትዬ ዘነበች፣ የኮምፒውተራቸው ኢሜይል እስኪከፈት ሻይ ጠጥተው ይመለሳሉ። አንድ ቀን እንዳየው ጠሩኝ። ለዓመታት የመጣላቸው መልእክት ሁሉ አንድ ቦታ ተከምሯል። «አሮጌዎቹን እናጥፋቸው፤ ያኔ ይፈጥናል» አልኳቸው።

ማውሱን ከእጄ ቀሙኝ። «አንተ ልጅ፣ ጡረታ ልወጣ ሁለት ወር ሲቀረኝ ልታሳስረኝ ነው? እስር ቤቱ እንደሆነ ከዚህ በእግር ነው! እኛ ጋ ደብዳቤ የሚወገደው ኮሚቴ ተቀምጦ፣ ቃለ ጉባኤ ተፈርሞ ነው።»

ልስቅ ነበር፤ እሳቸው ግን ማውሱን በሁለት እጃቸው እንደያዙ የምራቸውን ነበር። ራሴንም ተጠራጠርኩ፤ ከማጠፋው ውስጥ ነገ የሚፈለግ እንደሌለ በምን አውቃለሁ? «እሺ እትዬ፣ አናጠፋም። የቆዩትን ወደ ማኅደር እናዛውራቸው። እዚሁ ኮምፒውተር ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ሲፈልጉ ይከፍቷቸዋል» አልኩ።

ፊታቸው በራ። «ታዲያ መጀመሪያ እንደሱ አትልም!»

መልእክቶቹን በየዓመታቸው ከፋፍዬ አዛወርኩ፤ ቁጥራቸውንም ሁለት ጊዜ አመሳከርኩ። ኢሜይሉን እንደገና ስንከፍተው እትዬ ከወንበራቸው ሳይነሡ ተከፈተ። ወዲያው ከመሳቢያቸው የርክክብ ቅጽ አውጥተው «ፈርም» አሉኝ። ፈረምኩ። ማኅተም አሳርፈውበት ብድግ አሉ።

«በል ና፣ ሻይ እንጠጣ። ለብቻዬ መጠጣቱ ሰልችቶኝ ነበር።»